አሥራ አንድ ሰው ያደረበት ቤት

የያዙኝ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግቢ ስወጣ ነው። በአንድ እጄ የተጠቀለለ ነጭ አንሶላ፣ በሌላው የመድኃኒት መርጫ ይዣለሁ። ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ወረንጦ፣ የእጅ ባትሪ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ብልቃጦችና አንድ ደብተር ነበሩ። ከያዙኝ ሦስት ሰዎች ሁለቱ የፖሊስ ልብስ ለብሰዋል፤ ሦስተኛው ሲቪል ነው። ሲቪል የለበሰው ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳ አያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትንኝ ነው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሥራዬ ነው። የወባ ትንኝ አጠናለሁ።»

መታወቂያዬን አሳየሁት። ብልቃጦቹን መለሰልኝ፤ እንዲያውም ፈገግ ያለ መሰለኝ። ደብተሩን ሲከፍት ግን ፈገግታው ጠፋ። ሁለት ገጽ አገላብጦ ለአንደኛው ፖሊስ በጣቱ አሳየውና «ነይ፣ ጣቢያ ትገልጪልናለሽ» አለኝ።

ያን ሰሞን ከተማው ውጥረት ላይ ነበረ። ሱቆች ተዘግተው የዋሉበት ቀን ነበር፤ ወጣቶች ከየቤቱ ይታፈሱ ነበር። እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ሰው እየታሰረ እኛ ስለ አጎበር ብቻ ነው የምናወራው?» ብያለሁ። የተያዝኩት ግን በዚያ አልነበረም። የተያዝኩት በአንድ ቁጥር ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ማልደን ሰው ቤት እንሄዳለን። ወለሉንና አልጋውን በነጭ አንሶላ ሸፍነን፣ በርና መስኮቱን ዘግተን መድኃኒት እንነፋለን። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተን ስንገባ ትንኞቹ አንሶላው ላይ ረግፈው እናገኛቸዋለን። በወረንጦ እየለቀምን ወደ ብልቃጥ እንከታቸዋለን። ከዚያ በፊት የቤቱን ባለቤት አንድ ነገር መጠየቅ አለብን፦ ትናንት ማታ እዚህ ስንት ሰው አደረ? ይህን ካላወቅን አንድ ሰው በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነከስ መገመት አንችልም። ስም ግን አንጽፍም። በር ላይ ቆመን «ስማችሁ አይጻፍም፤ ለማንም አይነገርም» እንላለን። ሰው ጓዳውን የሚከፍትልን ይህን ካልን በኋላ ነው። ለየቤቱ ቁጥር የምንሰጠውም እኛው ነን፤ ከቀበሌ ቁጥር ጋር አይገናኝም።

ደብተሬ ላይ «ቤት 31» በሚለው መስመር፣ «ያደረ ሰው» በሚለው ሥር፣ በገዛ እጄ «11» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለት ክፍል ያላት ቤት ናት። ከሦስት ቀን በፊት ስገባ ግድግዳው ሥር የተጠቀለሉ ፍራሾች ተደርድረው አይቻለሁ። የቤቷ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «አሥራ አንድ» ስትለኝ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን አጎበር ለአሥራ አንድ ሰው እንዴት እንደሚዳረስ ነበር የማስበው። የትኛው ቁጥር የትኛው ግቢ እንደሆነ የሚያሳየውን ንድፍ ገና አልሠራሁትም። አብራኝ የምትዞረው የሥራ ባልደረባዬ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ቤቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእቃ ማስቀመጫ እንደነበረ ያስታውቃል። ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ሚስማሮች ቀርተዋል። ከጣሪያው ሥር አንድ እጅ የምታስገባ መስኮት አለች፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የኩበትና የሽንት ሽታ ነበረው። ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ መናኸሪያ አካባቢ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ ያላት፣ ሃምሳዎቹን ያለፈች ሙስሊም ሴት ናት። ሱቆች በተዘጉበት ቀን ሱቋን ዘግታ ስለዋለች ነው የመጣችው። እትዬ እላት ነበር። ሁለተኛዋ ከከተማው ዳር ካለችው ቱላ የመጣች፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ባሏን ሲፈልጉ አጡት፤ እሷን ይዘው መጡ። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የምናወራው በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነበር።

እትዬ ገና ስገባ ከራሷ ምንጣፍ ግማሹን ዘረጋችልኝ። «ቁጭ በይ ልጄ። ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ሰው ቆጥሬ ነው እትዬ።»

ጥቂት አሰበች። «እንግዲህ አትቁጠሪ» አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

መርማሪው በማግስቱ ጠራኝ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። ጊዜ አናባክን። አሥራ አንድ ሰው የተሸሸገበት ቤት ሠላሳ አንድ የማን ነው?»

«ልነግርዎት አልችልም።»

«አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። ሰዎቹን ስም አይነገርም ብያቸው ነው የገባሁት።»

«ለትንኝ ብለሽ ነው የምትታሰሪው?»

ወደ ደብተሬ አየሁ። እሱም አልተቆጣም። «ስታስቢበት አስጠሪኝ» ብሎ ወደ ክፍሌ መለሰኝ። በየቀኑ ያንኑ ጠየቀኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። አልመታኝም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከልማድ የተነሳ ግድግዳውን አያለሁ። ትንኞች ነበሩ። ተራዋ ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ሰውነቷ ከግድግዳው ጋር እኩል ነው። የወባዋ ጭንቅላቷን ደፍታ ጀርባዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች። እዚያ ያየኋቸው አብዛኞቹ የተሰቀሉት ናቸው። በአራተኛው ቀን ልንታጠብ ስንወጣ ምንጩን አገኘሁት፦ ግቢው መሀል፣ ከመጸዳጃው አጠገብ የቆመ ክዳን የሌለው የብረት በርሜል። ድሮ የወባ ትንኝ የምንፈልገው በረግረግና በከተማው ሐይቅ ዳር፣ ከብት በረገጠው ኩሬ ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ፣ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ የምትራባ መጥታለች። እኔም በየግቢው የምዞረው እሷን ፍለጋ ነበር። ዘብ ለምትጠብቀን ሴት ኮንስታብል ነገርኳት።

«እዚህ እስረኛ ነሽ እንጂ ባለሙያ አይደለሽም» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ደክሟት ነበር፤ የታመሙ ባልደረቦቿን ተረኛነት ደርባ ትሠራ ነበር።

በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የቱላዋ ልጅ ተንቀጠቀጠች። ውጪው ይቃጠላል፤ እሷ ግን የእኔንም የእትዬንም ፎጣና ነጠላ ደርበንላት ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ገፍታ ጣለችው፤ ሰውነቷ እንደ እሳት ሆነ። ከዚያ አላባት፣ ተኛች። እትዬ «ምች ነው» አለች። እኔ እንደዚያ አላልኩም። በማግስቱ ደህና ዋለች። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ተመለሰባት። ይህን ጊዜ ያስመልሳት ጀመር። ሆዷን ይዛ «አይንቀሳቀስም» አለችኝ። እጄን አስቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ደካማ ነበር።

ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ለዓመታት ለሰው ሳስተምር የኖርኩት ነው። መርማሪውን አስጠራሁ።

«ልትነግሪኝ ነው?»

«አይደለም። ከእኛ ጋር ያለችው ነፍሰ ጡር ወባ ይዟታል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ካልሄደች እሷም ልጇም ሊሞቱ ይችላሉ።»

«እዚህ የገባ ሁሉ ይታመማል።»

«ጣቷን ወግተው ይመርምሯት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው። «አንቺ አንድ መስመር ሙዪ። እኔ መኪና አስነሳለሁ። አሁኑኑ።»

አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ደስም አላለውም፤ እንደ ማንኛውም የቢሮ ጉዳይ ነው የተናገረው።

«ነገ ጠዋት እመልስልዎታለሁ» አልኩት።

ክፍላችን ገብቼ ለእትዬ ነገርኳት። ልጅቷ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ነበር። እትዬ መቁጠሪያዋን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ንገሪው» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ አንድ ሰው ነው እትዬ። ሴትየዋን ጨምሮ።»

«እነሱ ምናልባት ሄደዋል። ምናልባትም ምንም አላደረጉ ይሆናል፤ ይፈታሉ። ይህቺ ግን ፊታችን ነው ያለችው። ወላሂ፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ ስትሞት ካየሁ እኔ አንቺን ይቅር አልልሽም።»

አልተቀየምኳትም። ልክ ናት ብዬም አሰብኩ። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ጸለይኩ፤ ግን ጸሎቴ እንዲህ አድርጊ የሚል መልስ አላመጣልኝም። ልጅቷን በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን ስጠርግላት የቤት 31ዋ ሴት ፊት ይመጣብኛል። ለእሷ የገባሁላት ቃል አለ። ለዚህች ልጅ ምንም ቃል አልገባሁም፤ ግን እጄ ያለው ግንባሯ ላይ ነው።

ሲነጋ ወስኜ ነበር። ልነግረው።

ይህን ጠዋት ነው ብዙ ጊዜ የማስታውሰው። ኮንስታብሏን «መርማሪውን ማነጋገር እፈልጋለሁ» አልኳት። ለልጅቷ ግንባር ማቀዝቀዣ ውሃ የምንቀዳበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በእጄ እንደያዝኩ ተከተልኳት። ግቢውን ስናቋርጥ ስሙን በልቤ እያልኩት ነበር፤ የሴትየዋን ስም፣ የግቢውን በር ቀለም፣ ከየትኛው ሱቅ አጠገብ እንደሆነ። ሁሉንም አስተካክዬ ነበር። ኮንስታብሏ የቢሮውን በር አንኳኳች። እጀታውን ገፋች። ተቆልፏል።

«ስብሰባ ሄዷል። ከሰዓት ነው የሚመጣው» አላት አንድ ሌላ ፖሊስ።

ልጅቷ እስከ ከሰዓት ትቆይ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኮንስታብሏ ክንዴን ያዘችኝ። ስንመለስ የጣቢያው አዛዥ በርሜሉ ዘንድ ቆሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ጸጉሩ የሸበተ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ኮማንደር ነው። እስከዚያ ቀን ከሩቅ ነበር የማየው።

ቆምኩ። ኮንስታብሏ ብትጎትተኝም ቆምኩ።

«ኮማንደር፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ይዩልኝ።»

ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ዞረ። ጠርሙሱን በርሜሉ ውስጥ ነክሬ ቀዳሁና ወደ ፀሐይ አነሳሁለት።

«ትል ነው» አለ።

«የትንኝ እጭ ነው። ይዩ፣ ሌላው ትንኝ እጩ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ነው ውሃ ላይ የሚንጠለጠለው። ይሄ እንደ ተኛ ሰው ጋደም ብሏል። የወባ ነው።»

ጠርሙሱን ተቀብሎኝ ራሱ አየው። «አንቺ የትንኟ ነሽ?»

«ነኝ። ኮማንደር፣ ስንት ፖሊስ ነው የታመመብዎት?»

ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም። ወደ ኮንስታብሏ ዞረ።

«አራት» አለች መሬት መሬት እያየች። «ዛሬ አራተኛው ቀረ። እሷ ነግራኝ ነበር፣ ጌታዬ። ስለ በርሜሉ።»

«ምን ይደረግ?» አለኝ።

«ዛሬውኑ ይደፋ፤ ይታጠብ፤ ክዳን ይበጅለት። ከጤና ጣቢያ ሰው ይምጣና ፖሊሱም እስረኛውም ይመርመር። ከሁሉ በፊት ግን ከእኛ ክፍል ያለችው ነፍሰ ጡር። ሁለት ጊዜ ተነስቶባታል። ትናንት ለመርማሪው ተናግሬያለሁ።»

«ተናግረሽ ምን አለሽ?»

ወደ ተቆለፈው በር ዞሬ አየሁ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ለኮንስታብሏ «መኪናውን አምጡት» አለ።

ልጅቷን ደግፈን አወጣናት። ፒካፑ የኋላ ወንበር ላይ ስናስቀምጣት እጄን አልለቅ አለች፤ እትዬ ከክፍሉ ነጠላዋን ላከችላት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ከሰዓት አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ መጥቶ የሁላችንንም ጣት ወጋ። ከፖሊሶቹ ሦስት ተጨማሪ ሰዎች ወባ ተገኘባቸው። እኔ አልነበረብኝም። በርሜሉን እኔና ኮንስታብሏ ገልብጠን በአሸዋና በሳሙና ፈተግነው። ስንጨርስ «ቤቴም እንዲህ ያለ አለኝ» አለችኝ።

መርማሪው ሊመሽ ሲል ጠራኝ።

«ጠዋት መጥተሽ ነበር አሉኝ።»

«መጥቼ ነበር።»

«ልትነግሪኝ?»

«አዎ። በሩ ተቆልፎ ነበር።»

«አሁን ክፍት ነው።»

«አሁን አልነግርዎትም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደ። ወረቀትና እስክሪብቶ ወረወረልኝና «የምታውቂውን ሁሉ በእጅሽ ጻፊ፤ ፈርሚበት» አለ። ጻፍኩ። የቤት ቁጥር፦ 31። ያደረ ሰው፦ 11። አጎበር፦ 1። የተገኘ ትንኝ፦ 19፣ ከነዚህ ደም የጠጣች 14። ከላይ «የባለቤቱ ስም» ብዬ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩና ፊት ለፊቱን ባዶ ተውኩት። ከሥር ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

«ይሄስ?» አለ ባዶውን እያሳየኝ።

«እሱን እኛ አንሞላም።»

ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ቆየሁ። ፍርድ ቤት ሳልቀርብ አንድ ሰኞ ጠዋት «እቃሽን ያዢ» ተባልኩ። ደብተሬን አልመለሱልኝም።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። በየግቢው እዞራለሁ፤ ደብተሬ አዲስ ነው። ከሴትየዋ ጋር ያደሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። የሚያውቁኝ ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያንም ሥራ ቦታም፣ «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ፣ አንድም ቃል አላወጣሽም» ይሉኛል። ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ እሰማ ነበር።

ባለፈው ዓመት እትዬ ሱቅ ሄድኩ። መጋረጃ እየቆረጠች አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ፣ ወንበር አወጣችልኝ። የቱላዋ ልጅ ሴት ልጅ መውለዷን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ከቱላ የሚመጡ ደንበኞች ነግረዋታል። ክብደቷ ትንሽ ነበር፤ ግን አድጋለች፤ ትሄዳለች አሉ።

«ያን ቀን ንገሪው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለችኝ ድንገት። «አንቺ ግን እምቢ አልሽ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

«እትዬ፣ ልነግረው ሄጄ ነበር እኮ።»

መቀሱ ቆመ።

«ያን ጠዋት። የሴትየዋን ስም አፌ ላይ ይዤ ነው የሄድኩት። በሩ ተቆልፎ ነው።»

ብዙ አየችኝ። «ይሄን ለማን ነግረሻል?»

«ለአንቺ ነው መጀመሪያዬ።»

ዕድሜዋን ረስቼ በእርስዎ ፈንታ አንቺ ማለቴን ያስተዋልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሷ አላስተዋለችም፤ ወይም አስተውላ ትታዋለች። መቀሱን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ሲጠይቅ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ነገረችው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያመሰግነኝ ዝም አልልም። «በሩ ተቆልፎ ነበር» እላለሁ። አንዳንዱ ትሕትና ይመስለዋል። አንዳንዱ «ጌታ ነው የዘጋው» ይለኛል፤ ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው። እጀታው ሲገፋ አልከፈት አለ፤ እኔም ቆሜ ነበር፤ ልነግረውም ነበር።